ስማቸው ያልተጻፈበት ባቄላ፦ የአቶ የኋላሸት ተክለወልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ የኋላሸት ተክለወልድ ከአባታቸው ከአቶ ተክለወልድ እንደሻው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ወልደ ጊዮርጊስ ሐምሌ 12 ቀን 1951 ዓ.ም. በኢተያ ተወለዱ። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው፣ የሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ አጠናቀው በ1974 ዓ.ም. በሰብል ሳይንስ ተመረቁ። በዚያው ዓመት በአርሲ ደጋ በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስም ሌላ መሥሪያ ቤት አላዩም። በ1980 ዓ.ም. ከወ/ሮ አልጣሽ ቱሳ ጋር በተክሊል ተጋብተው ኤፍራታንና መቅደላዊትን ወልደዋል።

በመጀመሪያ የሠሩት በስንዴ ላይ ነበር። በኋላ ግን ቅጠል የሚያጠቁር በሽታ የገበሬውን ባቄላ ከዓመት ዓመት ሲፈጅ አይተው ዝም ማለት አልሆነላቸውም። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ አበባ ከአበባ እያዳቀሉ፣ የታመመውን እየነቀሉ፣ የተረፈውን እየመረጡ አሥራ አንድ ዓመት ደከሙ።

ቀጥሎ ያለውን ቤተሰቡ በዝምታ እንዲያልፈው ተመክሮ ነበር። አናልፈውም።

በጥቅምት 2004 ዓ.ም. ባቄላው ሊሰበሰብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ለመስክ ጉብኝት ቀን እንግዶች ድንኳን መትከያና መኪና ማቆሚያ ይሆናል ተብሎ የሙከራ ማሳቸው በትራክተር ታረሰ። አቶ የኋላሸት ከትራክተሩ ፊት ቆመው "ሁለት ሳምንት ብቻ ታገሡኝ" ብለው ለመኑ። የወቅቱ ኃላፊ "ባቄላ እኮ ነው! ለከርሞ ይዘራል" አሏቸው። እንግዶቹ አርባ ደቂቃ ቆይተው ሄዱ።

በማግስቱ አቶ የኋላሸት ሲሬ አጠገብ ወደሚኖሩት ገበሬ ወደ ወ/ሮ ዙሀራ ሀሰኖ ሄዱ። ሰኔ ላይ ለሙከራ የሰጧቸውን አንድ ጣሳ ዘር ወ/ሮ ዙሀራ በጓሯቸው ዘርተውት ነበር። "ልጆቼ እሸት አምሯቸው ሲያለቅሱ እንኳ አላስነካሁም። አደራዎ ይኸው" ብለው አስረከቧቸው። አቶ የኋላሸትም በዚያ ዘር፣ በዓመት ፈቃዳቸው ጭምር፣ በገበሬዎች ማሳ ላይ ስድስት ዓመት እንደገና ሠሩ።

ዝርያው በ2010 ዓ.ም. ለገበሬዎች ተለቀቀ። በዝርያው የምዝገባ ሰነድ ላይ ያወጡት ሰዎች ተብሎ አምስት ስም ሰፍሯል። ከአምስቱ ሁለቱ የሲሬን ማሳ አንድ ቀን እንኳ አልረገጡም። የአቶ የኋላሸት ስም የለም። ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቁ፤ "ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው" ተባሉ። እስኪሞቱ ድረስ በመታየት ላይ ነበር። እሳቸው "ገበሬው ከዘራው ይበቃኛል" ይሉ ነበር። እኛን ግን አልበቃንም፤ ዛሬም አይበቃንም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ትናንት በዚህ ሥነ ሥርዓት ላይ እንዲነበብ ከምርምር ጣቢያው የምስጋና ወረቀት በመኪና ተልኮልን ነበር። ባለቤታቸው ወ/ሮ አልጣሽ "እሱ በሕይወት ሳለ ያልጻፋችሁትን እኔ በሬሳው ላይ አላስነብብም" ብለው ከነፖስታው መልሰውታል። ቤተሰቡ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ነው።

አቶ የኋላሸት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህን የጻፍኩትን ታናሽ እህታቸውን ሐመልማልን ትተው አልፈዋል። ከሲሬ ድረስ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ወ/ሮ ዙሀራና ጎረቤቶቻችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማን እንደዘራ የማይጠፋው አምላክ የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።