ዳዊቴን ካቆምኩበት

ጥቅምት 9፣ እሑድ፣ ጠዋት 2፡30
ዳዊቴን ለአራተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው ልጀምር ነው፣ ደብተሬ። የሱቁ ቁልፍ ትዝ አለኝና ሐሳቤ ሄደ። ሐሳብ ከሄደ ጸሎቱ አይቆጠርም። ሽማግሌዎች ልጄን ሜሮንን ለትዳር ሊጠይቁ 3 ሰዓት ይመጣሉ። እደርሳለሁ።

9፡00
አልደረስኩም። ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ቆመው ቀሩ። ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡማ፣ ወጉ ነው። አባቷ የለም፤ መልሱ የእኔ ነው። ሜሮን በሩን ባንኳኳች ቁጥር ሐሳቤ ይሄዳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው። አንዱ በከዘራ ነው የሚሄዱት! ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ሄዱ። ውርደት።
ሜሮን አልጮኸችም። "እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ ወይስ ፈተናሽ?" አለችኝ።

ጥቅምት 11
ሱቅ ነኝ። ገበያ የለም፣ ማሰብ ግን አለ። ባሌ የሞተ ዕለት ዳዊት ሳልደግም ነበር የወጣሁት። ከዚያ ወዲህ ነው የያዘኝ። አንድ ቃል ከዘለልኩ ሜሮንንም የማጣት ይመስለኛል። ይኸው ጻፍኩት። ጸሎቴ ፍቅር አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ጥቅምት 13
ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን፣ የንስሐ አባቴ ዘንድ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር። ባሌን ያልተነበበ ዳዊት እንዳልገደለው ነገሩኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ቀኖና ሰጡኝ፦ "አንዴ ብቻ። ሐሳብሽ ቢሄድም ካቆምሽበት ቀጥይ። ወደኋላ መመለስ ክልክል ነው።"
ምነው መቶ ስግደት በሰጡኝ!

ጥቅምት 15
ተመለስኩ። ሁለቴ። ተናደድኩ።

ጥቅምት 18
አልተመለስኩም! አንዴ ጨርሼ መጽሐፉን ዘጋሁት። ሰማይ አልተደፋም። ሜሮን ምሳ ላይ ደህና፣ እንዲያውም ስታሾፍብኝ ነበር።

ጥቅምት 23፣ እሑድ፣ 6፡40
ደብተሬ፣ ቶሎ ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ሁለት ገጽ ቀርቶኝ ነበር። ሐሳቤ ሜሮን ጋ በረረ፣ የትኛውን ቀሚስ ለብሳ ይሆን ብዬ። ጣቴ ወደ መጀመሪያው ገጽ ሄደ። አይሆንም አልኩ። ካቆምኩበት ጨርሼ፣ መጽሐፉን ስሜ ወጣሁ። ገና ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር! ጉዳያቸውን ሰማሁ። ከዚያ፣ "እሺ፣ ተቀመጡ፣ አባቶቼ" አልኩ።
የሽማግሌው ከዘራ ወደቀ፤ በደስታ ረስተውት ነው። ሜሮን አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም። አሁን ምሳ ላይ ናቸው። ነገም አንዴ ብቻ ነው የምደግመው፣ ከዚያ ከሜሮን ጋር ቁርስ። ይኸው ደግሞ እየጠራችኝ ነው፣ የቀረውን ነገ ካቆምኩበት…