በግብ ጠባቂያችን በፉርቃን ሳሊሕ ላይ ስለተጣለው የሁለት ዓመት እገዳ

ይድረስ ለተከበሩ የሰፈር ቡድኖች ውድድር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናን፣ ሰላምንና በተለይም ራስ ምታት የማያውቀው ረጅም ዕድሜን እመኝልዎታለሁ። እኔ የደሴው የሆጤ ሰፈር ቡድን የመሐል ተከላካይ ኪዳኑ ደምለው ስሆን፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን አምኜ ስለሰጠሁት ግብ ጠባቂያችን ስለ ፉርቃን ኮሚቴው ያደረገልንን ሁሉ በአደባባይ ለማመስገን ይህን ጽፌያለሁ።

፩ኛ. ኮምቦልቻ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ፉርቃን ኳስ ሊያድን ተወርውሮ ጭንቅላቱ ከግቡ ብረት ጋር ሲጋጭ ድምፁ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰማ። ተነሥቶ ጓንቱን አስተካከለና «ኪዳኑ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። አንድ ለዜሮ እየመራን መሆኑን ነገርኩት። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጠየቀኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቀኝ ወደ እርስዎ ሮጥኩ። ክቡርነትዎ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ «በረኛ ቡድኑ ሲመራ መታመም ልማዱ ነው፤ ተመለስና ተጫወት» ብለው፣ ሐኪም ሳያስፈልግዎ ከሩቅ ስለሰጡት ምርመራ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እኔም ታዝዤ ተመለስኩ። ይህን ጥፋት ለእርስዎ አላካፍልም፤ የራሴ ነው።

፪ኛ. ከዚያ በኋላ ሦስት ግብ ገባብን። የመጨረሻዋ ኳስ እየተንከባለለች በአጠገቡ ስታልፍ ፉርቃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመለከት ነበር። ተመልካቹ «ሸጠን!» እያለ ሰደበው። ወደ ደሴ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ ሆጤ ደርሰን ስቀሰቅሰው አልነቃም። በማግሥቱ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።

፫ኛ. በሦስተኛው ቀን፣ እናቱ እማማ ጀዋሂር ከለቀስተኛው መሐል ተቀምጠው ሳሉ የኮሚቴው መልእክተኛ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ከተፍ አለ። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ «ልጄ፣ ምን ይላል?» ብለው ሰጡኝ። ጨዋታ በመሸጥ ተጠርጥሮ ለሁለት ዓመት መታገዱን ይገልጻል።

«የማጽናኛ ደብዳቤ ነው» አልኳቸው።

«አላህ ይስጣቸው» አሉና አጥፈው ከፉርቃን ፎቶ ጀርባ ሰኩት።

ስለዚህ ሌላ ሰው አንሥቶ ሳያነብላቸው ክቡርነትዎ እገዳውን ሽረው፣ ውሸቴን እውነት የሚያደርግ አንድ የማጽናኛ ደብዳቤ እንዲጽፉልን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እለምናለሁ።

ትእዛዝዎን በመፈጸሙ ዕድሜ ልኩን የሚጸጸተው፣
ኪዳኑ ደምለው

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዎ ቅሬታ ያለው ተጫዋች በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ በአካል ቀርቦ እንዲያመለክት ያዝዛል። ፉርቃን ለመምጣት ስለማይመቸው፣ ኮሚቴው ወደ ተቀበረበት ብቅ ቢል ያገኘዋል። በረኛ ነውና ቦታውን አይለቅም።