ጀማል የሳታት ኳስ

የኔ ሰይድ፣

አንተን ቀብረን ከተመለስን ዓመት ሊሞላን ነው። አላህ ቀብርህን ሰፊና ብሩህ ያድርግልህ። እኔና ልጅህ ጀማል ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ቤታችንም ያው እዚያው ፌርፋክስ፣ ያበሻው ሰፈር ነው። ከታች የነበረው ጫማ ሰፊ ወጥቶ አንድ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት ከፍቶበታል። ብትኖር እዚያ ስታወራ ይመሽብህ ነበር።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ጀማል ኮሌጅ ቡድን ነው። ስለዚያ ስለ አሜሪካ ፉትቦል። «የብረት ቆብ አድርጎ መጋጨት ደግሞ ምን ጨዋታ ነው?» እያልኩ ሳበሽቅህ፣ አንተ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ታክሲህን አቁመህ ስታዲየም ትሄድ ነበር። የጀማል ሥራ መጋፋት ሳይሆን ኳሷን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ማሳለፍ እንደሆነ፣ ኳስ መምታቱንም አንተው ፓርክ ውስጥ እንዳስተማርከው ስትነግረኝ ደረትህ ይነፋ ነበር።

ስትሞት ጀማል አላለቀሰም። ተሸክሞህ፣ አፈር አልብሶህ፣ እንግዳ አስተናግዶ፣ ዓይኑ ደረቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን «እማ፣ ኳሱ ይብቃኝ። የአባን ታክሲ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ» አለኝ።

በማግስቱ የቡድኑ አሰልጣኝ፣ ኮቹ፣ ለቅሶ መጣ። ያን ግዙፍ ሰውዬ ታውቀዋለህ። በር ላይ የሰዉን ጫማ ሲያይ የራሱንም አውልቆ ገባ። ፍራሹ ላይ ለመቀመጥ ጉልበቱ እምቢ ቢለው ጎረቤታችን ጋሼ መሐመድ ደግፈው አስቀመጡት። ዱዓ ሲደረግ እንደ ሰዉ እጁን ዘረጋ። ሲወጣ ለእኔ የተናገረውን ጋሼ ተረጎሙልኝ፦ «ልጁን አላጣድፈውም። ቦታው ግን የሱ ነው።» ያኔ ወደድኩት።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ጀማልን «ታክሲው ይሸጣል። አንተ ወደ ትምህርትህና ወደ ኳስህ ተመለስ። እኔም እየመጣሁ አይሃለሁ» አልኩት።

«በምን ትመጫለሽ?»

እውነቱን ነው፤ ስንቴ ለምነኸኝ መሪ ነክቼ አላውቅም። አሁን ግን ተማርኩልህ። ኢንግልዉድ ያለችው እህትህ ፋጡማ ናት ያስተማረችኝ። ፓርክ ማድረግ ላይ አሁንም ትጮህብኛለች።

ቡድኑ አጀማመሩ አላማረም። መጀመሪያ ተሸነፉ፣ ቀጥሎም ተሸነፉ፤ ጀማል እራት ሳይበላ የሚተኛበት ቀን ነበር። ኋላ ግን እየቀናቸው ሄደ። እኔም ከፋጡማ ጋር እየሄድኩ መጮህ ለመድኩ። የመጨረሻውን ጨዋታ ካሸነፉ ዋንጫው የነሱ ነው ተባለ።

ያን ዕለት ፋጡማ ሥራ ነበራት። ብቻዬን፣ ቢስሚላህ እያልኩ፣ የኋላዬ ሰው ሁሉ ክላክሱን እያስጮኸብኝ በፍሪዌይ ሄድኩ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በሁለት ነጥብ እየተመሩ ነበር። የጀማል ምት ከገባች ሦስት ነጥብ ናት። መታት። ኳሷ ቋሚውን ገጭታ ወደ ውጭ ወጣች።

ጀማል ባለበት ደርቆ ቀረ። እኔ «አሁን ይደበድቡታል» ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። እነዚያ ግድንግድ ልጆች ግን ከበውት፣ አንዱ ጭንቅላቱን አቅፎ፣ ሌላው ጀርባውን እያሻሸ ያባብሉታል። ኮቹ ሲያየኝ የሜዳውን በር ከፍቶ አስገባኝ። ጀማል አንገቴ ላይ ወድቆ ተንሰቀሰቀ።

«አብሽር ልጄ፣ ኳስ እኮ ነው» አልኩት።

«ለኳሷ አይደለም፣ እማ። አባን ብዬ ነው። ቀና ብዬ ሳይ ሁሌ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ የለም።»

ሳሩ ላይ ቁጭ ብለን ሁለታችንም አለቀስንልህ። ማንም ተነሱ አላለንም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቀለል ብሏል። ቀድሞ እኔ እሱ እንዳይከፋው፣ እሱም እኔ እንዳይከፋኝ እያልን ስምህን አንጠራም ነበር። አሁን ገበታ ላይ ስትነሳ እንስቃለን። ለካስ ዳኛውን በአማርኛ ትሰድበው ኖሯል! ይህን ደብቀኸኝ ነበር።

ሰይዴ፣ አንተን ለማስታወስ መሐላ አያሻኝም። አላህ የልጅ ልጅ ቢሰጠን፣ አያቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ከእኔ አፍ ይሰማል። እኔ እስትንፋስ እስካለኝ ስምህ ከዚህ ቤት አይጠፋም።

ያንተው ዘይነባ