ኮምፒውተር አለማወቄ በማኅተም እንዲረጋገጥልኝ

ሐምሌ 11 ቀን 2003 ዓ.ም.

ኮምፒውተር አላውቅም።

ለተከበሩ የመምሪያው ኃላፊ
ሶዶ

ጉዳዩ፦ ኮምፒውተር የማላውቅ መሆኔ በደብዳቤ ተረጋግጦ ወደ ቤተሰቤ እንድዛወር ስለመጠየቅ

ከቀኑ ቀጥሎ የጻፍኩት አንድ ዓረፍተ ነገር የአቤቱታዬ ጠቅላላ ሐሳብ ነው። ክቡርነትዎ ጊዜ ከሌለዎት እዚያ ላይ ቢያቆሙ አልቀየምም። ጊዜ ካለዎት ዝርዝሩ ይህ ነው።

1. እኔ አመልካች መምህር ሶርሳ ጩማ እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ ስድስት ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ከቦምቤ ወጣ ብሎ በሚገኘው በወይቦ ማዶ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ወ/ሮ ትርፌ ነርስ ናት፤ ከሦስት ልጆቻችን ጋር ሶዶ ትኖራለች። በየዓመቱ ዝውውር ጠይቄያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ተራዬ ስላልደረሰ ተከለከልኩ። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ተራዬ ከደረሰ አምስት ዓመት አልፎታል።

2. ከወረዳችን ትምህርት ጽ/ቤት የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ «አመልካቹ በአካባቢው ያሉ ብቸኛ የኮምፒውተር ባለሙያ በመሆናቸው ተተኪ እስኪገኝ ድረስ መልቀቅ አይቻልም።» በየዓመቱ የሚቀየረው ቀኑ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ቀኑም አልተቀየረም። ተተኪ የሚፈለገው ለጂኦግራፊ እንዳልሆነ ክቡርነትዎ ልብ ይበሉልኝ። የጂኦግራፊ መምህር ከእኔ ሌላ ሦስት አለ። አንደኛው ክፍለ ጊዜ አጥቶ ስፖርት ያስተምራል።

3. ባለሙያ የሆንኩት እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. ክረምት እዚሁ ሶዶ የአሥር ቀን የኮምፒውተር ሥልጠና ተሰጠን። አንዱ ቀን የመክፈቻ ንግግር ነበር። አራት ቀን መብራት አልነበረም። አንዱን ቀን የክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው ለቅሶ ሄዶ በር ላይ ዋልን። በቀሩት ቀናት ለአንድ ኮምፒውተር አምስት ሆነን ተቀመጥን። በእኛ ምድብ ማውዙን የያዘው መምህር ቦልቴ ነበር። እጀ ጠንካራ ሰው ነው፤ እስከ መጨረሻው አለቀቀም። የእኔ ድርሻ ከኋላው ቆሜ «ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ማለት ነበር። በመዝጊያው ዕለት ለሁላችንም ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሰርተፊኬት ተሰጠን። «በኮምፒውተር ሙያ በብቃት ሠልጥነዋል» ይላል።

ሰርተፊኬቱን ለሥራ አፈጻጸም ነጥብ ይጠቅመኛል ብዬ ከግል ማኅደሬ ጋር አያያዝኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቦልቴ የራሱን እናቱ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለና ዝም አለ። ዛሬ ሶዶ ያስተምራል።

በዚያን ጊዜ በእኛ አካባቢ አንድም ኮምፒውተር እንዳልነበረ ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም። ባለሙያው ከኮምፒውተሩ ከሁለት ዓመት በላይ ቀድሞ ደረሰ።

4. የመጀመሪያው ኮምፒውተር በ2000 ዓ.ም. የገባው የጽ/ቤታችን ኃላፊ የአቶ ሀብታሙ ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ተጠራሁ። «ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ራሱን ያጠፋል» አሉኝ። ባለቤታቸው ወ/ሮ ማኅሌት የእጅ ሥራ አዋቂ ናቸው። ኮምፒውተሩን ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል አልብሰውታል። ሞኒተሩ ሻሽ፣ ኪቦርዱ መሀረብ፣ ሲፒዩው ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ቀሚስ ነበረው። ሊሠሩበት ሲፈልጉ ከፊት ለፊት ያለውን ይገልጣሉ። የኋላው እንደተሸፈነ ይቀራል። መተንፈሻው ያለው ከኋላ ነው።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ገመዱ የሚሰካበትን ለመፈለግ ብዬ ቀሚሱን አነሳሁት። ጥቂት ቆይቼ አበራሁት። አልጠፋም። አቶ ሀብታሙ ትከሻዬን መቱኝ። ምን እንዳዳነው የገባኝ ከሦስት ሰው ቤት በኋላ ነው፤ ሦስቱም ቤት ዳንቴል ነበር።

ከዚያ በኋላ እነ አቶ ሀብታሙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩኝ እውነቱን ለመናገር ሞክሬያለሁ። «ወ/ሮ ማኅሌት፣ ይህ ልብስ ባይኖርስ?» አልኳቸው። «ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይቀመጥ?» አሉኝ። ክቡርነትዎ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? የተቀቀለ ቦይና፣ ያው ጎደሬ፣ በዳጣ ቀረበ። በላሁ። ከግቢው ሳልወጣ ቀሚሱ ተመለሰ። በሳምንቱ እንደገና ተጠራሁ።

5. ከዚያ ወዲህ ከቤት ቤት እዞራለሁ። ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥን፣ ዲሽ፣ ሞባይል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የወፍጮ ቤት ሞተር። የማውቀው ሦስት ነገር ነው፦ አጥፍቶ ማብራት፣ የላላ ገመድ መግፋትና ዳንቴል ማንሳት። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ብልሽት ሲገጥመኝ «ቫይረስ ነው» እላለሁ። ይህን ስል የቤቱ ሰው በሙሉ ራሱን ይነቀንቃል፤ ማንም «አሳየን» ብሎኝ አያውቅም። ወንጌላዊ ቃለሕይወት ቫይረስ በፍላሽ እንደሚተላለፍ ከነገርኳቸው ጀምሮ ፍላሻቸውን በአልኮል ሳይጠርጉ አይሰኩም። እስካሁን አልታመመባቸውም።

አቤቱታ ላይ ውሸት አይጻፍምና አንድ ነገር ልጨምር። ደስ ይለኝ ነበር። ካርታ ሳስተምር የሚያዛጋ መንደር ኮምፒውተር ሳይ ትንፋሹን ይይዛል። ካቻቢቴ ገዝቼ መያዣው ከኮቴ ኪስ ብቅ እንዲል አድርጌ እይዝ ነበር። አንድም ብሎን ፈትቼበት አላውቅም። ዳንቴሉን ሳነሳ ሰው እንዳያይ ጀርባዬን እሰጥ ነበር። «ባለሙያው ምን አደረገው?» ሲባል «ውስጡን ነው» እል ነበር።

6. ያጣሁት የሚከተለው ነው። ትምህርት ሲዘጋ ሌላው መምህር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ ለጽ/ቤቱ ስታቲስቲክስ እቀራለሁ። ስታቲስቲክሱን የምትጽፈው ጸሐፊዋ ናት። እኔ አጠገቧ የምቀመጠው ኮምፒውተሩ ቢያስቸግር ተብሎ ነው። ዘንድሮ ለጊፋታ ሶዶ ልገባ ስነሣ የአቶ ሀብታሙ ዲሽ ምስል አላሳይ አለ። በዓሉን እዚያው ዋልኩ። ከሰፈሩ ሰው ጋር ለሥጋ ስቀመጥ ሦስት ጊዜ ተጠራሁ፤ በሦስተኛው ስመለስ የጠበቀኝ አጥንት ነው። ልጆቼ የዚያን ዕለት በስልክ «እንኳን አደረሰህ» ብለውኛል። ልጆቼ በስልክ ጨዋ ናቸው።

7. ባለቤቴ ባለፈው የካቲት ለልጆቹ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛች። የሥራ ባልደረቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ዳንቴል አመጡላት። በግንቦት ኮምፒውተሩ ራሱን ማጥፋት ጀመረ። ደወለችልኝ። ከልማድ የተነሣ «ቫይረስ ነው፤ ስመጣ አየዋለሁ» አልኳት። ሦስት ሳምንት ጠበቀችኝ። ከዚያ እዚሁ ሶዶ የሚሠራ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራች። ማታ ደወለችልኝ።

«ሶርሳ፣ ሰውዬው ዳንቴሉን አነሳና ሄደ። ሻይ እንኳ አልጠጣም።»

«እ» አልኳት።

«አንተም እዚያ የምትሠራው ይህንኑ ነው?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«ሰባት ዓመት?» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

በማግስቱ መልሳ ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «መስከረም ላይ ቤትህ ካልገባህ እዚያው ዳንቴልህን አንሳ። እኛ ለምደነዋል።» ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ሰው ላይ አትጮህም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

8. ከዚያ በኋላ አለማወቄን በይፋ ማሳወቅ ጀመርኩ። በሰኔ የአቶ ሀብታሙ ኮምፒውተር እንደተለመደው ጠፋ። ሄድኩ። ቀሚሱን አየሁት፤ አልነካሁትም።

«አላውቅም» አልኩ።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተር አላውቅም፣ አቶ ሀብታሙ። ዱሮም አላውቅም ነበር።»

አቶ ሀብታሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። ወደ ባለቤታቸው ዞረው «አየሽ ማኅሌት? የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ አይመካም!» አሉ። ቀጥለውም «በል፣ ከከበደህ ሶዶ ወስደህ አሠርተህ ና። አንተን አያታልሉህም» ብለው ፈቃድ ሰጡኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ያለ ልመና ያገኘሁት ፈቃድ ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ሲፒዩውን ከነቀሚሱ ጭኔ ላይ አድርጌ በሚኒባስ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዳንቴሉን ዳሰስ አድርገው «ታሟል እንዴ?» አሉኝ። «ይተነፍሳል» አልኳቸው። ቤቴ ስደርስ ቀሚሱን አውልቄ አበራሁት። እሑድ ልጆቼ እስኪበቃቸው ተጫወቱበት። ጤነኛ ነው።

በመሆኑም ክቡርነትዎ፦

ሀ/ ስሜን ከኮምፒውተር ባለሙያዎች ዝርዝር እንዲሰርዙልኝ፤

ለ/ «መምህር ሶርሳ ጩማ ኮምፒውተር አያውቁም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲሰጠኝ። በቃሌ ተናግሬ ትሕትና ተባልኩ። ማኅተም ትሑት ሊባል አይችልም፤

ሐ/ ወደ ሶዶ የምዛወርበት ትእዛዝ እንዲጻፍልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጥርጣሬ ካለ ፈተና ይሰጠኝ። እንደምወድቅ ዋስ እጠራለሁ። መምህር ቦልቴ ሊመሰክርልኝ ፈቃደኛ ነው፤ በአሥሩም ቀን ማውዝ አለመንካቴን በዓይኑ አይቷል። ይህ አቤቱታ በእጅ የተጻፈበትም ምክንያት ግልጽ ይመስለኛል።

9. ይህን አንቀጽ የምጽፈው ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጬ ነው። ለፊደሉ መጣመም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ዛሬ የዝውውር አቤቱታ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወ/ሮ አዛለች ገቢ ደብዳቤ ከዘንድሮ ጀምሮ በኮምፒውተር ብቻ እንደሚመዘገብና የድሮው መዝገብ እንደተዘጋ ነገሩን። ሁለት ሰው ከመዘገቡ በኋላ ኮምፒውተሩ ራሱን አጠፋ። አበሩት፤ ጠፋ። እንደገና አበሩት፤ ጠፋ። ከኋላዬ አሥራ አንድ ሰው ተሰልፏል። ከመካከላቸው አቶ ባዳቾ የሚባሉ የእኛ አካባቢ ነጋዴ ነበሩ።

«እንዴ፣ ምን ያስጨንቃችኋል? መምህር ሶርሳ እዚህ ቆሞ! አገሩን በሙሉ የሚያድነው እሱ አይደለም?» አሉ።

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ወ/ሮ አዛለች ከወንበራቸው ተነሥተው «ጋሼ፣ በፈጠረዎት» አሉና ቦታ ለቀቁልኝ።

ከጠረጴዛው ኋላ ዞርኩ። ሮዝ ቀለም ያለው ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ወፎች ተሠርተውበታል። ቆንጆ ሥራ ነው። ከኋላ እስከ ወለሉ ወርዷል።

እጄ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። ባነሳው አቤቱታዬ ይመዘገባል፤ ኮምፒውተር የማላውቅ መሆኔ እኔው በጠገንኩት ኮምፒውተር፣ አሥራ አንድ ምስክር ባለበት ይመዘገባል። ባላነሳው ቀኑ ያልፋል። «አላውቅም» አልኩና ወጥቼ ተቀመጥኩ። አቶ ባዳቾ ከውስጥ «አይመካም እኮ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ ያለኝ ዕውቀት በሙሉ ለእርስዎ ተላልፏል። ከእንግዲህ ተተኪ የለም ሊባል አይችልም፤ እርስዎ አሉ። ወ/ሮ አዛለችም ይህን ገጽ ካነበቡ እርሳቸውም አሉ። ስለዚህ ይህችን ገጽ ከላይ አድርጌ ጠረጴዛቸው ላይ ትቼላቸዋለሁ። ዳንቴሉን ያንሡት። ከዚያ ከፈቀዱ ይመዝግቡኝ።

የአቶ ሀብታሙ ሲፒዩ ከአግዳሚው ሥር ነው። ቀሚሱን አጥፌ ላዩ ላይ አድርጌዋለሁ። ሰው ልከው ያስወስዱት፤ ሲደርስ ግን አያልብሱት። ካቻቢቴው ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ አዲስ ነው።

ቁጥር ሳልቀበል ሄጃለሁ። መልሱ ወደ ቦምቤ እንዳይላክልኝ እጠይቃለሁ። ቤቴ ከዚህ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ እዚያ እገኛለሁ።

ከቸኮለ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሶርሳ ጩማ
የጂኦግራፊ መምህር