ጸሐፊ አይናገርም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ልጄ፣ የእኔ እመቤት፣

በሰላም ውለሽ በሰላም የምታነቢው ይሁን። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን ሃያ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ፊት መቆሙን ነው የሚያማርረው፤ እውነት አለው።

አራተኛ ክፍሎችን በቡድን እያወያየሁ ማስተማር ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ ገበያ ነበር። አንዱ ሲናገር አራቱ ይጮኻሉ፤ ጥያቄው ስለ ዝናብ፣ ወሬው ስለ ኳስ። ስለዚህ ሥራ አከፋፈልኳቸው፦ ሰብሳቢ፣ ሰዓት ተቆጣጣሪ፣ ጸሐፊ። ከራሴም አንድ ደንብ ጨመርኩ፦ ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ክፍሉ ጸጥ ረጭ አለ። ርዕሰ መምህሩ መጥተው አዩና "እጅዎ ይባረክ" አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ባለፈው ሐሙስ አንዱ ቡድን በጣሳ የተከላት ባቄላ ደረቀች። ልጆቹ ለምን እንደደረቀች ቢከራከሩ ቢከራከሩ መልስ አጡ። እኔም ዝም ብላ የምትጽፈዋን ልጅ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አልኳት።

"ውሃ በዝቶባት ነው" አለች። "አምስታችንም በየቀኑ እናጠጣታለን።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ሁለት ሳምንት ሆነኝ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ጸሐፊ ነኝ እኮ፣ ቲቸር።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ፣ አንቺ ነሽ ፊቴ ድቅን ያልሽው።

እናትሽ ባረፈች በወሩ እኔ፣ አጎትሽና አክስትሽ ሳሎን ተሰብስበን ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ከአክስትሽ ጋር ትሂጂ ወይስ ከእኔ ጋር ትቅሪ እያልን ስንመክር፣ "ጽሕፈቷ ያምራል፣ እሷ ቃለ ጉባኤ ትያዝልን" ብዬ ወረቀቱን ሰጠሁሽ። አንቺም "ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ትሄዳለች" ብለሽ በገዛ እጅሽ ጻፍሽ። አንድ ቃል አልሰረዝሽም።

የክፍሉን ደንብ ሽሬዋለሁ። ጸሐፊነት በየሳምንቱ ይዞራል፤ ቀድሞ ሐሳቡን የሚሰጠውም ጸሐፊው ነው። ትንሽ ይንጫጫሉ። ይንጫጩ።

ስደውልልሽ "ደህና ነኝ፣ አባዬ" ብለሽ ስልኩን ለአክስትሽ ማቀበል ከጀመርሽ አሥራ አንድ ዓመት ሆነሽ። አልወቅስሽም። ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩትን ግን ልንገርሽ። የዚያን ቀን ጸሐፊ ያደረግኩሽ ጽሕፈትሽ ስላማረ አልነበረም። ብትጠየቂ "ከአባቴ ጋር ልቅር" እንደምትዪ አውቅ ነበር። ካልሽ ደግሞ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም፤ ልጅ ብቻዬን ማሳደግ ፈርቼ ነበር።

በሄድሽበት ሁሉ የሚያዳምጥሽ ሰው አይጥፋ። ይቅር ማለት ቢያቅትሽ እንኳ፣ ያኔ ልትዪ የነበረውን አንድ ቀን ንገሪኝ። ሳላቋርጥሽ እሰማለሁ።

ሳይጠይቅሽ የላከሽ
አባትሽ