ዱላ የጨበጠ እጅ

ሰኞ

ራጁን ሦስት ጊዜ አየሁት። ምንም የለም! አልተሰበረም፣ አልተሰነጠቀም። አያ ሞላ ከብልባላ ድረስ ሆስፒታላችን በእግራቸው መጥተው «ጤነኛ ነዎት» ብዬ ልሸኛቸው ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት ሲያርሱ በሬው ደንብሮ፣ ዕርፉ ቀኝ እጃቸውን ጠምዝዞ ጣላቸው። ወጌሻ አሽቶ አስሮላቸዋል፤ አልረዳም። አሁን ዕርፍ ሲጨብጡ እጃቸው ይከዳቸዋል። ጎረቤት ደግሞ «ሰነፈ» ብሏቸዋል። ይሄ ነው ያንገበገባቸው።

«ያምዎታል?» ስላቸው፣ «ተመስገን፣ ደህና ነው።» ደህና ከሆነ ምን ሊሠሩ መጡ! የኛ ሰው ሐኪም ፊት ማማረር ነውር ይመስለዋል።

ዶክተር ብሩክ ካርዱ ላይ «ጤናማ» ብሎ ሊዘጋው ሲል፣ እስከ ነገ ቆይልኝ ብዬ ለመንኩት።

ማክሰኞ

አገኘሁት!

ጠዋት በአልትራሳውንድ ልያቸው ብዬ አስገባኋቸው። ወረፋ የያዙት ነፍሰ ጡሮች ሳቁ። አያ ሞላም ጄሉን ስቀባቸው «ልጄ፣ መቼ እወልዳለሁ?» አሉ። እጃቸውን ዘርግተው እንደ ድንጋይ ደረቁ። ትናንት ራጅ ሳነሣ «እንዳይንቀሳቀሱ» ብያቸው ነበር፣ ትእዛዝ ማክበራቸው ነው። ምንም አላየሁም። አፈርኩ፣ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

ዱላ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ዘበኛው ጋ ትተውት ነበር። ሲሰጣቸው ጨበጥ አድርገው ሊሄዱ ሲሉ፣ አንጓቸው ቀጭ አለ! ሰማሁት። ፊታቸው ተጨማደደ። ወይ እኔ ጅል! የላስታን ገበሬ ያለ ዱላው መርምሬ!

«አያ ሞላ ይመለሱ! ከነዱላዎ!» ዘበኛው ሊከለክል ሞከረ፤ ጮህኩበት።

ጨብጠው አንጓቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርጉ፣ ሁለት ትንንሽ የአንጓ አጥንቶች አልትራሳውንዱ ላይ ዓይኔ እያየ ተራራቁ። ሲለቁ ገጠሙ። ሲጨብጡ ተራራቁ! በግራ እጃቸው አስጨበጥኳቸው፤ ንቅንቅ የለም። አጥንቶቹን የሚያያይዘው ጅማት ተቀዷል ማለት ነው። በስልኬ ቀረጽኩት። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

ረቡዕ

ዶክተር ብሩክ ቪዲዮውን አየ። ከዚያ «ድገሚው»። ደገምኩለት። «እኔ አልፌው ነበር» አለ። ደስ አለኝ፤ ኮራሁም፣ ለምን እዋሻለሁ።

ደሴ ላለ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ላክነው። መልስ የለም። ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤው እገባለሁ።

ዐርብ

የደሴው ሐኪም ደወለ! ግልጽ ነው፣ ይሰፋል፣ ሰኞ ይምጡ አለ። ከቆየ ግን ጅማቱ አይያያዝም፤ አጥንቶቹ እየተፋጩ እጁ ለዘለቄታው ይበላሻል። ከተሰፋ በኋላ ደግሞ ለወራት ዕርፍ መንካት የለም።

ውጤት ሊጠይቁ ሲመጡ ለአያ ሞላ ነገርኳቸው። መጀመሪያ «አልሰነፍኩማ!» አሉ፣ እንባቸው ግጥም አለ። ከዚያ አንገታቸውን ደፉ። ግንቦት ተጋምሷል፤ እርሻው ገና ነው። መሬታቸውን ሌላ ሰው አርሶት አያውቅም። «ልዝራና ልሂድ፣ ልጄ።»

አይሆንም፣ ያን ጊዜ አይሰፋም አልኳቸው። ሳይወስኑ ሄዱ። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም።

እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ በማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። አያ ሞላ!

«ልጄ፣ የደሴ መኪና ላይ ነኝ። መሬቱን ዘንድሮ ለእኩል አራሽ ሰጠሁት።»

እሰይ! እሰይ! ብዬ መንገድ ላይ ጮህኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። ለምን ቀደም ብለው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ሳይነጋ ወጣሁ እኮ» አሉ። «በሬዎቼን ሰው ሲነዳቸው እንዳላይ ብዬ።»

«እግዜር ይማርዎ» ብቻ አልኩ። ነገ ይሰፋል። እኔ ግን ምሳም አልበላ አለኝ።