ለሁለት የተከፈለው የአባባ ደብዳቤ

እምዬ፣ ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። አንቺስ አርፈሻል፤ እኛ ልጆችሽ ግን ተኳርፈናል።

የቡታጅራው ቤትሽ ደህና ነው፤ ጣሪያው ተጠግኗል፣ እንሰቱም አልተጎዳም። ያልተጠገነው የእኔና የወንድሜ የኃይሌ ነገር ነው። በኑዛዜሽ፣ አባባ አዲስ አበባ ሲነግድ ይልክልሽ የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ያዙት አልሽ። እኛ ደግሞ መቼ ተስማምተን እናውቃለን? ኃይሌ የበኩር ልጅ ነኝና ወልቂጤ ቤቴ እወስደዋለሁ አለ። እኔም ሳነብላት የኖርኩት እኔ ነኝ አልኩ።

አርባሽ እንደወጣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ ግን ፊደል አይለዩም፤ እንደ መሬት አካፈሉን። ማን እንደሚጀምር ዕጣ ጣሉና ከሣጥኑ አንድ ወረቀት ለኃይሌ፣ አንድ ወረቀት ለእኔ እያሉ አደሉን። አባባ ደግሞ አንድ ወረቀት የሚበቃው ሰው አልነበረም! ደብዳቤው ሁሉ ከመሐሉ ሲከፈል እያየን፣ ሁለት የተማርን ሰዎች በእልህ ዝም አልን። ቀድሜ ብናገር የተሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እስካሁን በራሴ እናደዳለሁ።

በተወለድኩ ጊዜ የጻፈልሽ አለ። መጀመሪያው ለእኔ ደረሰኝ። «ለልጃችን አስናቀች የሚለውን ስም ያወጣሁበት ምክንያት» ይልና ወረቀቱ ያልቃል። ምክንያቱ ያለበት ወረቀት ወልቂጤ ኃይሌ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ አንብቤልሽ ነበር፤ ግን ለጨዋታ ስለምቸኩል መስመር እየዘለልኩ ነበር፣ አንቺም እየነቃሽብኝ ታስደግሚኝ ነበር። ምነው ያኔ ልብ ብዬ ቢሆን!

ገልብጠህ ላክልኝ ብዬ ጻፍኩለት። ሽማግሌ የፈረደውን አላፈርስም፣ ያንቺን ግን ላኪልኝ ብሎ መለሰ። አይ ኃይሌ! እንዴት እንደበገንኩ ብታዪ።

ሰሞኑን ግን አንዳችን ካልተሸነፍን አባባ የትም ቤት ሙሉ ሆኖ እንደማይነበብ ገባኝ። ትናንት ድርሻዬን በነጠላሽ ጠቅልዬ ወልቂጤ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ። ይቅር ብዬው አይደለም፤ ንዴቴ አልበረደም። ስሜ ለምን እንደወጣልኝ እሱ ያነባል፣ እኔ አላውቅም። ደጅ ቆመሽ በዚያ ስም ስትጠሪኝ መጨረሻውን እንዴት ታስረዝሚው እንደነበር ግን ማንም አልተካፈለኝም። ያንን አጠራርሽን እስክሞት አልረሳውም።

ልጅሽ አስናቀች